ልቅሶን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ፦ የእንባ ቃላት አመራረጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መተማ የመንገድ ከተማ ናት። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ወገኖቻችንና የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ከገላባት ድልድዩን ተሻግረው ወደ እርሷ ገብተዋል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳም በየዓመቱ ከደጋው ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚወርዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱም በወባና በካላዛር ታመው የሚቀሩ አሉ፤ መርዶውም በማለዳ ለእናቶቻቸው ይነገራል። ስለዚህ ከዚህ ቆላ የሚወጣ ዜና ብዙ ጊዜ ልቅሶ አለበት።

በባሕር ማዶ አጥቢያዎች ተወልደው ካደጉት ልጆቻችን ብዙዎቹ ይህን ዜና የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች ሲተረጉሙላቸው ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዶች የልቅሶን ዓይነት ሁሉ «ክራይ» በሚል አንድ ቃል ያልፉታል፤ ሌሎች ደግሞ ኀዘኑን ያጎሉ መስሏቸው የተኩላ ጩኸት ወደሚያስታውሰው «ሀውል» ይሄዳሉ። የፊተኛው ኀዘኑን ያሳንሳል፤ የኋለኛው ኀዘንተኛውን ያዋርዳል። ስለ ወገን የሚጻፍ ቃልም ምስክርነት ነውና በሐሰት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።

ቅዱስ መጽሐፍ እንባን ይለያል

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ማርያምና አብረዋት የነበሩት ሰዎች ስለ አልዓዛር ሲያለቅሱ፣ ጌታችንም ያነባል። የግሪኩ መጽሐፍ ለእነርሱና ለእርሱ የተጠቀመው ግሥ አንድ አይደለም፤ የእነርሱ ድምፅ ያለው ልቅሶ ሲሆን የእርሱ እንባ ማፍሰስ ነው። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ልዩነት ጠብቆ ለእነርሱ ማልቀስ፣ ለጌታ እንባን ማፍሰስ ይላል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የታወቀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ለሁለቱም «ዊፕ» የሚለውን ግሥ ስለ ተጠቀመ ልዩነቱ ለአንባቢው አይታይም። ጌታችን ኢየሩሳሌምን አይቶ ባለቀሰላት ጊዜ ደግሞ ቅዱስ ሉቃስ የጻፈው ድምፅ ያለውን የልቅሶ ቃል ነው (ሉቃ. 19፥41)። ወንጌላውያን የአንዱን ጌታ ልቅሶ እንኳ በየቦታው ለይተው ጽፈዋል።

የእንግሊዝኛው ቃላትና የእኛ ልቅሶ

«ዊፕ» እንባ የሚፈስበት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወይም ጨርሶ የማይሰማ ልቅሶ ነው። ክብር ያለው ቃል ስለ ሆነ፣ የትኛው እንደሚስማማ ስንጠራጠር እርሱን ብንመርጥ አንጎዳም። ምርር ብሎ ማልቀስን ለመግለጥ «ዌፕት ቢተርሊ» ይባላል፤ የቅዱስ ጴጥሮስ የንስሓ ልቅሶ በእንግሊዝኛ የሚታወቀው በዚህ ነው።

«ሶብ» ስቅስቅ ብሎ ማልቀስ ነው። ሳግ ሲተናነቅ፣ ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ይህ ቃል ይስማማል። ጸጥ ብላ እንባዋን ለምታብስ እናት ግን አይሆንም።

«ዌይል» ዋይታ ነው፤ ረጅምና ከፍ ያለ የኀዘን ድምፅ። መርዶ ሲሰማ ከቤት ለሚወጣው ድምፅ ከዚህ የቀረበ የለም። «ስክሪም» ግን በፍርሃትም በቁጣም የሚወጣ ጩኸት ስለ ሆነ ኀዘኑን ለይቶ አይናገርም። «ክራይ»ም እንዲሁ ማልቀስም መጮህም ስለ ሆነ አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል።

«ላሜንት» ቃል ያለው ኀዘን ነው። የነቢዩ ኤርምያስ ሰቆቃ በእንግሊዝኛ «ላሜንቴሽንስ» የሚባለው ስለዚህ ነው። በዘመነ ጽጌ የምናደርሰውን፣ የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ የሚያስበውን ሰቆቃወ ድንግልን ለባሕር ማዶ ልጆች ስናስረዳም ቃሉ ይኸው ነው። ልጇን ታቅፋ ድንበር የተሻገረች እናት ኀዘኗን በቃል ስታወርድ ብንሰማት «ላሜንት» ማለት ይገባል።

አልቃሽ ለምታወጣው ሙሾ «ኪን» የሚል ቃል አለ። ከአየርላንድ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ በዚያ አገርም ሴቶች በሬሳ አጠገብ በዜማ ያለቅሱ ነበር። ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ስለማያውቁት ትርጉሙን አብሮ መጻፍ ያሻል።

ልንርቀው የሚገባ ቃልም አለ፤ «ሂስቴሪካል»። ሥሩ ማሕፀን ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ነው። የሴቶችን መታወክ ከማሕፀን የመጣ ሕመም አድርገው ከሚያስቡ የጥንት ሰዎች የወረደ ስለ ሆነ፣ ልጇ ለሞተባት እናት መጻፉ ነውር ነው።

በቀጥታ የማይተረጎሙ

ልቅሶ መድረስ ሄዶ ማልቀስ ብቻ አይደለም፤ ኀዘንተኛን ማጽናናት፣ አብሮ መቀመጥ ነው። ልቅሶ ቤትም የኀዘን ቤት እንጂ የጩኸት ቤት ተብሎ አይተረጎምም። «አንጀቷ ተላወሰ» የሚለውን ቃል በቃል ብናዞረው የእንግሊዝኛው አንባቢ የሆድ ሕመም ይመስለዋል። ደረት መድቃትን ግን እንዳየነው መጻፍ ይቻላል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰችውን እናትም የነጠላው አለባበስ የኀዘን ምልክት መሆኑን በአጭሩ አስረድቶ «ዌፕት» ማለት፣ አምስት ቅጽሎችን ከመደርደር ይልቅ ኀዘኗን ያሳያል።

ያላየነውን አንጻፍ

ካህኑ ዔሊ የሐናን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ፤ ድምፅዋን ግን አልሰማም፤ ስለዚህ ሰክራለች ብሎ ፈረደ (1ኛ ሳሙ. 1፥13)። እርሷ ግን በእግዚአብሔር ፊት ነፍስዋን እያፈሰሰች ነበር። በኢያኢሮስ ቤት ደግሞ ዋይ ዋይ ሲሉ የነበሩት ሰዎች ወዲያው በጌታ ላይ ሳቁ (ማር. 5፥38-40)። እንግዲህ ድምፅ የሌለው ልቅሶ ቀላል፣ ድምፅ ያለው ሁሉ ከባድ አይደለም። ጸሐፊ የሚመሰክረው ዓይኑ ያየውንና ጆሮው የሰማውን ነው፤ የልብን ጥልቀት የሚመዝን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ይህ ለታሪክ ጽሑፍም ይሠራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ዐረፉ፤ መተማ ዮሐንስ የሚለው ስምም መታሰቢያቸው ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ወታደሩ ሁሉ «ሶብድ» ብንል ያላየነውን መመስከራችን ነው። «ሞርንድ» ማለት፣ አዘነ ማለት፣ በቂ ነው፤ ቃሉ ኀዘንን እንጂ የእንባን መጠን አይናገርምና።

በተስፋ የሆነ ኀዘን

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳናዝን ያስተምረናል እንጂ አታልቅሱ አላለም (1ኛ ተሰ. 4፥13)። እንዲያውም ከሚያለቅሱ ጋር እንድናለቅስ አዝዟል (ሮሜ 12፥15)። ሰውነትን መቧጨርና መቁረጥ በሕግ ተከልክሏል (ዘሌ. 19፥28)፤ እንባ ግን አልተከለከለም። በመሆኑም የእናቶቻችንን ዋይታ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ አገልጋዮች፣ ዋይታውን አትደብቁት፤ ኪዳኑን፣ ፍትሐቱንና የጎረቤቱን መጽናናትም ከአጠገቡ ጻፉ። በሩቅ ያለው ልጅ ያን ጊዜ የሚያነበው የወገኖቹን እንባ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቁትን ትንሣኤ ጭምር ይሆናል።

አምላካችን የሚያለቅሱትን ያጽናና፤ ለስደተኞች መጠጊያ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።