ዓሣው ከመግባቱ በፊት

ጎልድፊሽ ከሱቅ ወደ ቤት የሚመጣው በፌስታል ነው። ልጆች በር ላይ ይጠብቁታል፤ ገንዳው ታጥቧል፣ ጠጠሩ ተደልድሏል፣ ውኃው ኩልል ብሏል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ያለከልካል፤ ስንጥቡ ይቀላል። ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሦቼን ያጣሁት እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «ዓሣ አይሆንልኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ሲሆን በጣም ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ ከእጁ ሳይሆን ከዚያ ኩልል ካለ ውኃ ነውና።

ዓሣ ከምግቡ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን በሰፊው ውኃ ይበተን ነበር፤ ገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ ስለሌለው ተመልሶ ያንኑ ስንጥብ ያቃጥላል። መርዙን የሚያነሡት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ ሌላ መርዝ ነው። ሁለተኞቹ ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ያደርሱታል፤ ናይትሬቱን ግን ዓሣ እስካልበዛበት ድረስ ይችለዋል። በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉ የሚቀየረውም እሱን ለመቀነስ ነው። እነዚህን ባክቴሪያዎች ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ከአፈር ለይቶ አውጥቷቸዋል። ማሳ ላይ ለሰብል ምግብ የሚያዘጋጁት እነሱው ናቸው።

ችግሩ ዝግታቸው ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሲሆኑ እነዚህ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ማጣሪያው እየሠራ በየቀኑ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል ይደረግበታል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል፣ ባክቴሪያዎቹም በዚያ ይራባሉ። ጤናማ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለ ያገለገለ የማጣሪያ ስፖንጅ ቢለምኑት ጊዜው ያጥራል። ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በብዛት እዚያ ስፖንጅ ላይ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ካጠቡት ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃዋል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ እዚህ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለ ተመሳሳይ ውኃ በሩብ ገደማ ያንሳል። ዓሣ ማጨናነቅ እዚህ ይበልጥ ይከፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዓሣውም ባክቴሪያውም አብረው ይታፈናሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሌለ፣ ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ያተርፋቸዋል፤ እጅ ቢደክምም። የክረምቱን ብርድ ጎልድፊሽ ይችለዋል፤ እንደ ኒዮን ቴትራ ያለው የሞቃት አገር ዓሣ ግን ማሞቂያ ያሻዋል። ጎልድፊሽ በበኩሉ ብዙ ያቆሽሻል፤ በደንብ ከተያዘ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። በዚያች ክብ የመስታወት ጎድጓዳ ውስጥ ማኖር በደል ነው።

ገንዳው ሲደርስ ዓሣው ይመጣል። ፌስታሉ ሳይከፈት ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ውኃው ላይ ይንሳፈፍ፤ ከዚያ የገንዳውን ውኃ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ማለማመድ ነው። መንገድ ላይ ብዙ የቆየ ፌስታል ከተከፈተ ወዲያ ግን መዘግየት አይገባም። ታፍኖ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ውኃው አሲድነቱ ይቀንሳል፣ የተጠራቀመው አሞኒያም ይበረታል። ዓሣው በመረብ ይውጣ እንጂ የፌስታሉ ውኃ ገንዳ ውስጥ አይግባ። ያን ቀን የገንዳው መብራት ይጥፋ፤ ምግብም ይቆይለት።

ቀድሞ ዓሣ ያለበት ቤት ከሆነ፣ እንግዳው ለብቻው ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆየት አለበት። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከዓሣው ገላ ወደ ገንዳው ወለል ወርዶ ይባዛል፤ ልጆቹ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ከታየ፣ ዓሣውም ገላውን ከጠጠር ጋር የሚያሽ ከሆነ፣ መጥቷል ማለት ነው። ለእንግዳው ማቆያ ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል፤ ከትልቁ ገንዳ ማጣሪያ የተቆረሰ ስፖንጅ ይግባበት፣ መረቡም የራሱ ይሁን።