ያለ የይለፍ ቃል ይከፈት የነበረ ኮምፒዩተር ዳግም ሲጠይቅ መደረግ ያለበት

በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ በቀጥታ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ይህ አሠራር በድንገት ሲቋረጥ አንዱ ምክንያት የይለፍ ቃሉ መለወጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀድሞ የመዘገበውን ቃል መጠቀሙን ስለሚቀጥል፣ አዲሱን «ኔትፕልዊዝ» በተሰኘው ትእዛዝ በሚከፈተው መስኮት ዳግም ማስገባት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ ለዚሁ የሚያገለግለው ምርጫ ከመስኮቱ ሊሰወር ይችላል። በዚህ ጊዜ በመግቢያ አማራጮች ሥር «ዊንዶውስ ሄሎ»ን ብቻ የሚያስገድደውን ቅንብር ማጥፋት ምርጫውን ይመልሰዋል። በመስኮቱ የሚጻፈውም የፒን ቁጥር ሳይሆን ዋናው የይለፍ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ በራሱ የሚከፈት ኮምፒዩተር የባለቤቱን ሰነዶች ላበራው ሰው ሁሉ ያጋልጣል። ስለሆነም በጋራ በሚያገለግሉና ከቦታ ቦታ በሚንቀሳቀሱ ኮምፒዩተሮች ላይ አሠራሩን አለመጠቀም ይመረጣል።