ክርም ቅንጣትም፦ የማይቶኮንድሪያን ቅርጽና ጉዞ የሚወስኑ ኢንዛይሞች

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሕዋስን ሥዕል ስንመለከት፣ ኃይል አመንጪዎቹ ማይቶኮንድሪያ እንደ ባቄላ ፍሬ እዚህም እዚያም ተበትነው እናገኛቸዋለን። ሥዕሉ ለጀማሪ ቢጠቅምም እውነቱን በሙሉ አይገልጽም። ጀርመናዊው ካርል ቤንዳ እ.ኤ.አ. በ1898 ስማቸውን ያወጣው «ክር» እና «ቅንጣት» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ነበር። አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ዋረን ሉዊስና ማርጋሬት ሉዊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1914 እና በ1915 ባሳተሟቸው ጽሑፎች፣ ማይቶኮንድሪያ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ቅርጻቸውን እየለዋወጡ እንደሚንቀሳቀሱ አስረዱ።

ይህን ለውጥ የሚያካሂዱት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በአንጀት ውስጥ ምግብን የሚያደቅቀው ዓይነት ነው፤ ሆኖም ኬሚካላዊ ኃይልን ወደ ጉልበት ሥራ የሚለውጡም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዲአርፒ-1 በማይቶኮንድሪያው ዙሪያ እንደ ቀለበት ይሰለፋል፤ ጂቲፒ የተባለውን ኃይል አዘል ውሁድ ሲሰብርም ቀለበቱ ይጠባል። የጆንያ አፍ በገመድ ሲታሰር እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ የማይቶኮንድሪያውም ወገብ ይቀጥንና ለሁለት ይከፈላል።

በተቃራኒው፣ ሁለቱን ወደ አንድ የሚያዋህዱም አሉ። ማይቶኮንድሪያ ድርብ ገለፈት ስላላቸው ማይቶፉሲን 1 እና 2 ውጫዊውን፣ ኦፓ-1 ደግሞ ውስጣዊውን ያጋጥማሉ። በውሕደት አንዱ የጎደለውን ከሌላው ያገኛል፤ በክፍፍል ደግሞ የተበላሸው ክፍል ተለይቶ ይወገዳል።

መቼ መከፈል፣ መቼ መዋሐድ እንደሚገባ የሚወስኑት ሌሎች ኢንዛይሞች ናቸው። ሕዋሱ ለመከፋፈል ሲዘጋጅ ሲዲኬ-1 በዲአርፒ-1 ላይ ፎስፌት ያክልና መቆራረጡን ያፋጥናል። ሕዋሱ ሲራብ ግን ፒኬኤ የተባለው ኢንዛይም ፎስፌቱን በዚያው ፕሮቲን ሌላ ቦታ ላይ ያኖርና ሥራውን ያግደዋል፤ ማይቶኮንድሪያም ይረዝማሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጡ ጥናቶች እንደታየው፣ የተራበ ሕዋስ የራሱን ክፍሎች እያፈረሰ ሲመገብ እነዚህ ረጃጅሞች ከመበላት ይተርፋሉ።

ይሁንና ቅርጽ ብቻውን አይበቃም፤ ኃይል በሚፈለግበት ሥፍራ መገኘትም ያስፈልጋል። ከወገባችን አካባቢ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው የአንድ ነርቭ ሕዋስ ክር አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚህ መንገድ ማይቶኮንድሪያን ወደ ጫፍ የሚወስደው ካይኔሲን፣ የሚመልሰውም ዳይኒን ነው። ሁለቱም ኤቲፒን እየሰበሩ እንደ ሐዲድ በተዘረጉ ጥቃቅን ቱቦዎች ላይ የሚራመዱ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ስንቃቸው ማይቶኮንድሪያ ራሳቸው የሚያመርቱት ዓይነት ኃይል መሆኑ ነው። ጭነቱን ከተሸካሚዎቹ ጋር ከሚያያይዙት አንዱ ሚሮ፣ ካልሲየም ሲበዛ ጉዞው እንዲቆም ያደርጋል። ካልሲየም የሚበዛው ነርቩ በሥራ በተጠመደበት ቦታ ስለሆነ፣ ማይቶኮንድሪያው የሚያርፈው በተፈለገበት ነው።

ይህ ሥርዓት ሲዛባ ክፉኛ ከሚጎዱት መካከል ነርቮች ይገኛሉ። የኦፓ-1 ጂን ጉድለት የዓይንን ነርቭ አመንምኖ እይታን እንደሚያዳክም እ.ኤ.አ. በ2000 ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የማይቶፉሲን 2 ጂን ጉድለት፣ ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ ከሚባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም አንዱን ዓይነት እንደሚያስከትል ተደረሰበት። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ረጃጅሞቹ ነርቮች ከሚያበቁበት ከእግር ነው፤ ታማሚው እግሩን ማንሣት ይሳነዋል፣ እርምጃውም ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. በ2007 እንደተዘገበው ደግሞ፣ የዲአርፒ-1 ጂን ጉድለት ይዛ የተወለደች ሕፃን በጨቅላነቷ ሕይወቷ አልፏል።

ከእነዚህ ሕመሞች የምንረዳው፣ የሚያዋህደው ሲጎድልም ሆነ የሚከፍለው ሲጎድል ጉዳቱ አንድ መሆኑን ነው። ከሥራቸው የሚፈውስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም የተዛባው ጂን በመታወቁ፣ ቀድሞ ስም አልባ የነበረው የቤተሰብ ሕመም ዛሬ በምርመራ ይለያል፤ መድኃኒት ፈላጊውም ሚዛኑ ወደ የትኛው ወገን እንዳዘነበለ ዐውቆ ይነሣል።