ቀለሟ ያምራል፣ ሞተሯ ግን አይነሳም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «አሮጌዋን ላንድክሩዘር አሳድሼ ጨረስኩ፤ አዲስ ባትሪም ገዛሁላት፤ አትነሳም።» ሐዋሳ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ስንቱ ጤነኛ ባትሪ በከንቱ ሲጣል አየሁ!

ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየና ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በታች ካልወረደ ባትሪውን አትቀይሩት።

የታደሰ መኪና ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ባትሪውን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን መስመር ነው። ሻንሲው ሲቀባ የማሳ ገመዱ የሚታሰርበትም ቦታ አብሮ ይቀባል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከታቦር ተራራ ሥር የመጣችልኝ ኤፍጄ 40 ላንድክሩዘር ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብላ ዝም ትል ነበር። ባለቤቶቿ ሞተሪኖዋን ሁለቴ አስፈትተውታል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ቁልፉን ሳስዞር 3 ቮልት አነበበ። ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ አልነበረበትም። ብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ መልሼ አሰርኩ፤ ተነሳች።

ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉን ስትለቁት ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ግን ሌላ ነው። በብዙ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ወደ ቦቢናው የሚሄደው መስመር ላይ ሬዚስተር አለ፤ በማስነሻ ጊዜ ብቻ ይታለፋል። እሱ ከተቃጠለ ካንዴላ ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም።

ላንድሮቨር ያላችሁ ደግሞ፦ በድሮዎቹ ላይ ማሳው ፖዘቲቭ የሆነባቸው አሉ። ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት አረጋግጡ። በየትኛውም መኪና ላይ ግን ፊውዝን በሽቦ መተካትማ እሳት መጥራት ነው።

ለመጠየቅ ሞዴሉንና ቁልፍ ሲዞር የምትሰሙትን ድምፅ ጻፉልኝ።