የእንዶድ ፍሬና የሞሎኪዩል ሚዛን

የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ ይደፍቃል፤ ለልብስ ማጠቢያነት ከጥንት ጀምሮ ያገለገለውም ስለዚሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የብልሃርዝያ ትል የሚያድገው በአንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ ነገሩ የብዙ ሰው ጤና ጉዳይ ነበር። ገዳዮቹ ንጥረ ነገሮች ሳፖኒን ከሚባለው ወገን ሆነው ተገኙ፤ ከመካከላቸውም አንዱ በአግኚው ስም ለማቶክሲን ተባለ።

ይሁን እንጂ አንድ እንግዳ ነገር ታየ። የተወቀጠው ፍሬ በውኃ ሲዘፈዘፍ ቀንድ አውጣን የሚገድሉ ሳፖኒኖች ይገኛሉ፤ ሜታኖል በተባለው አልኮል ሲዘፈዘፍ ግን በብዛት የሚወጡት የማይገድሉ ናቸው። ፍሬው አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከምን መጣ?

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ስሙ ከበድ ቢልም ሥራው መመዘን ነው። ሞሎኪዩሎችን የኤሌክትሪክ ሙል ካስያዘ በኋላ በኤሌክትሪክ ወይም በማግኔት ኃይል እየነዳ እንደየክብደታቸው ይለያቸዋል። ስኳር የተሸከሙ ውሁዶች ሲሞቁ ሳይተንኑ ስለሚፈርሱ ለመመዘን አስቸጋሪዎች ነበሩ። ጆን ፌን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ፈሳሹን በኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጉም እየረጩ ትልልቅ ሞሎኪዩሎችን መመዘን እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ግን ሥራው ቀለለ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። ሃይድሮጅን 1፣ ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16 ይመዝናሉ ብንል፣ የለማቶክሲን ግንድ የሆነው ኦሊያኖሊክ አሲድ 456 ይመዝናል። ግሉኮስ ብቻውን 180 ነው፤ ከሌላ ሞሎኪዩል ጋር ሲጣበቅ ግን አንድ የውኃ ሞሎኪዩል፣ ማለትም 18፣ ስለሚወጣ የሚጨምረው 162 ብቻ ነው። ለማቶክሲን ሦስት ስኳሮችን ስለተሸከመ 942 ይመዝናል። በሌላው ጫፉ አራተኛ ስኳር ሲጨመርበት 1104 ይሆናል፤ መግደሉንም ይተዋል። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው በውስጡ ያለ ኢንዛይም ይህን የጫፍ ስኳር ቆርጦ ይጥላል፤ በሜታኖል ውስጥ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። ተክሉ መርዙን በስኳር ለጉሞ ያስቀምጠዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሌሎች ተክሎች የሚታየው ልዩነት የግድ 162 አይደለም። 16 ሲሆን ኦክስጅን፣ 14 ሲሆን ሜቲል፣ 42 ሲሆን አሴቲል መጨመሩን ያመለክታል። ነገር ግን ሶድየም፣ ክብደቱ 23፣ በመሣሪያው ውስጥ ሊጣበቅ ይችላልና ለማቶክሲን 965 ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ጀማሪን አዲስ ውሁድ አገኘሁ የሚያሰኘው እንዲህ ያለው ነው።

ሚዛኑ የማይፈታውም እንቆቅልሽ አለ። ለማቶክሲን ከግሉኮስ ሌላ ጋላክቶስ የተባለ ስኳር አለው፤ ሦስቱም ስኳሮቹ ግሉኮስ የሆኑ ሌላ ሳፖኒንም በዚያው በእንዶድ ውስጥ ይገኛል። ግሉኮስና ጋላክቶስ እኩል ስለሚመዝኑ ሁለቱም ሳፖኒኖች 942 ናቸው። እነዚህን ለመለየት ስኳሮቹን በአሲድ ቆርጦ እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር ያስፈልጋል።