ስለ ተሰበረ አጥንትና ስለ ሕሙሙ ማዕድ

ዛሬ በክትትል ክፍላችን ያየሁትን ነገር ዝም ብዬ እንዳልፈው ኅሊናዬ አልፈቀደልኝምና፣ የቀኑ ድካም ሳይወጣልኝ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ። የጭን አጥንቱ ተሰብሮ ብረት የገባለት አንድ ጎልማሳ፣ አጥንቱ መያያዝ በሚገባው ጊዜ ራጅ ቢነሣ፣ በስብራቱ ዙሪያ ሊታይ የሚገባው አዲስ አጥንት እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ምን እየበላ እንደ ከረመ ቢጠየቅ፣ ያስታመሙት እናቱ ዳቦና ሻይ፣ አልፎ አልፎም መረቅ እንደ ነበረ ነገሩን፤ እንቁላልና ሥጋ ቁስል ያመግላሉ ተብሎ ተከልክሏል፤ ለእንቁላሉና ለወተቱ ሊውል ይችል የነበረው ገንዘብ ደግሞ «ስብራትን በ21 ቀን ይገጥማል» ተብሎ በቴሌግራም ለሚሸጥ ዱቄት ወጥቷል። እኒያ እናት አንዳች በደል የለባቸውም፤ የሰሙትን አምነው፣ ያላቸውን አሟጠው ልጃቸውን ለማዳን የደከሙ ናቸው። በደሉ የሻጩና፣ ሕሙሙን ስለ ማዕዱ አንድ ቃል ሳይነግር የሚያሰናብተው ሥርዓት ነው። ስለዚህ ነገሩን በተራ አስቀምጠዋለሁ።

1ኛ፤ አጥንት ከምን እንደ ተሠራ። ብዙ ሰው አጥንት ማለት ካልሲየም ማለት ይመስለዋል። ነገር ግን ከአጥንት ክብደት ሲሶ ያህሉ ኮላጅን ከተባለ የፕሮቲን ክር የተሸመነ ነው፤ ካልሲየምና ፎስፌት በዚያ ክር ላይ እየተለጠፉ ያጠነክሩታል። ግድግዳው ሳይማገር ጭቃ ቢመርጉበት፣ ጭቃው የሚይዝበት አጥቶ ይረግፋል፤ የአጥንትም ነገር እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ሲበቃው፣ ትልቅ ስብራት የደረሰበትና ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም እንዲያገኝ ይመከራል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሕሙም እንግዲህ በቀን ቢያንስ 72 ግራም ያስፈልገዋል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ብቻ መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ።

2ኛ፤ ይህ ፕሮቲን ከየት እንደሚገኝ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ቀይ ሥጋ 20 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር፣ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከ20 እስከ 25 ግራም፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። መግልን የሚያመጣው ወደ ቁስሉ የገባ ተህዋስ እንጂ ወደ አፍ የገባ እንቁላል አይደለም፤ እንዲያውም የቀዶ ሕክምናውን ቁስል የሚዘጋው ሥጋ የሚሠራው ከዚያው ከፕሮቲን ነው። የኮላጅኑም ክር በአግባቡ እንዲገመድ ቪታሚን ሲ የግድ ያስፈልጋል፤ ይህም በእሳት ብዛት የሚጠፋ ስለ ሆነ ጥሬ ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና ዘይቱን ከሕሙሙ አጠገብ አይታጡ።

3ኛ፤ ካልሲየም። ለአዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊግራም፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ላለፈ ሴቶች 1200 ሚሊግራም ይበቃል፤ አጥንት ተሰበረ ተብሎ ይህ በእጥፍ አይጨመርም። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ ጤፋችን ከስንዴና ከበቆሎ እጅግ የሚበልጥ ካልሲየም አለው፤ ጎመንም ከቅጠላ ቅጠል ሁሉ የተመረጠ ነው። የቅልጥም መረቅ ግን፣ ምንም እንኳ ምግብ ያስጠላውን ሰው አፍ የሚከፍት መልካም መጠጥ ቢሆን፣ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም በመፍላት ብቻ ወደ ውኃው ስለማይወጣ የወተትን ስፍራ ሊይዝ ከቶ አይችልም። እንክብሉም ከምግቡ በቂ ለማያገኝና ሐኪም ላዘዘለት ሰው ይጠቅማል፤ ያለ መጠን ሲዋጥ ሆድ ያደርቃል፣ የኩላሊትንም ጠጠር ያመጣል።

ወደ አራተኛው ከማለፌ በፊት ስለዚያ ዱቄት መናገር ይገባኛል፤ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ እርሱ ነውና።

የስብራት ፈውስ በተፈጥሮ የተወሰነ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በስብራቱ ዙሪያ የፈሰሰው ደም ይረጋል፣ አካባቢውም ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ለስላሳ ማያያዣ ሥጋ ይበቅላል፤ ያም በሚቀጥሉት ሳምንታት ካልሲየም እየገባበት ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል፤ በመጨረሻም አጥንቱ የቀድሞ መልኩን እየያዘ ለወራት፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ይታደሳል። በአዋቂ ሰው የእጅ አጥንት ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የእግር አጥንት ደግሞ 12 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ በሕፃናት ዘንድ ጊዜው ወደ ግማሽ ያጥራል። እንግዲህ በ21ኛው ቀን የአዋቂ የጭን አጥንት ገና ለስላሳ ማያያዣ ላይ ነው፤ በዚህ ቀን «ገጠመ» የሚል ሁሉ ወይ የማያውቅ ነው፣ ወይ እያወቀ የሚያታልል ነው።

ጉዳቱም በከንቱ በወጣው ገንዘብ ብቻ አያበቃም። ምንነታቸው ያልታወቀ፣ «ከዕፀዋት ብቻ የተቀመሙ» እየተባሉ ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጡ ዱቄቶችና እንክብሎች በልዩ ልዩ አገሮች ሲመረመሩ፣ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ ተደባልቆባቸው የተገኘበት ጊዜ አለ። ዴክሳሜታዞን ሕመምንና እብጠትን ፈጥኖ ስለሚያስታግስ ገዢው ተፈወስሁ ይላል፤ ውስጡን ግን አዲሱ አጥንት እንዳይበቅል ይከለክላል፣ የቆየውንም ያሳሳል፣ የስኳርንም መጠን ከፍ ያደርጋል፣ ቁስልንም ለመመርቀዝ ያጋልጣል። ሕመሙ የጠፋለት ሰው ክራንቹን ጥሎ ባልተያያዘ አጥንት ላይ ይቆማል፤ ክብደቱንም ሁሉ የሚሸከመው የገባለት ብረት ብቻ ስለሚሆን፣ ብረቱ ከብዙ ድካም በኋላ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። ያን ጊዜ ሕሙሙ ከፊተኛው የከበደ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል።

ሻጮቹ የሚያሳዩት ማስረጃ ሁለት የራጅ ሥዕሎች ናቸው፤ አንዱ «ከመውሰዱ በፊት»፣ ሁለተኛው «ከወሰደ በኋላ» ይባላል። ስም የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸው አይታወቅም። የአንድ ሰው ቢሆኑም እንኳ፣ በቂ ጊዜና እንጀራ ያገኘ አጥንት ያለ ዱቄት የሚገጥም ስለ ሆነ፣ ምስጋናው ለዱቄቱ የሚሰጥበት ምክንያት የለም። ይህ ሁሉ በአደባባይ ሲሸጥ፣ መድኃኒትን እንዲቆጣጠር አደራ የተሰጠው መሥሪያ ቤት ወዴት አለ? ሕጋዊው ፋርማሲ ለአንድ ካርቶን ጉድለት ሲቀጣ፣ አድራሻና ፈቃድ የሌለው ነጋዴ በስልክ ቁጥር ብቻ አገር ለአገር መድኃኒት ይልካል። ሆስፒታሎቻችንም ቢሆኑ፣ ለቀዶ ሕክምናው ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል ጥበብ ካፈሰሱ በኋላ፣ በመሰናበቻው ወረቀት ላይ «ጥሩ ምግብ ይብላ» ከሚል አንድ መስመር በቀር አይጽፉም። ጥሩ ምግብ ምንድር ነው? ስንት? መቼ? ለጠያቂው መልስ የሚሰጥ የሥነ ምግብ ባለሙያ በየክፍሉ የለም፤ ባለበትም የተቀጠረው አንድ ሰው በወረቀት ሥራ ተይዟል። እኛ ዝም ባልንበት ስፍራ ሁሉ ያ ነጋዴ ይናገራል።

ወደ ተራው ልመለስ፤ ጾም። በዐቢይ ጾም 55 ቀኖች ውስጥ የተሰበረ ሰው፣ ለአጥንቱ እጅግ አስፈላጊ የሆኑትን ሳምንታት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዱ ውሎ በዳቦና በሻይ ሲፈታ፣ ሐኪሙም ተዉ ለማለት ሲያፍር አያለሁ። ፍትሐ ነገሥት እንኳ ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጹ በደዌ የተያዘውን ሰው ከግዳጁ ለይቶታል፤ ስለዚህ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፣ ፈቃዱንም ተቀበሉ። በእስልምናም ሕመምተኛ በረመዳን አፍጥሮ በሌሎች ቀኖች እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። ከሥጋና ከወተት መከልከልን የመረጠ ሰው ቢኖር ግን፣ በቀን 300 ግራም ጤፍና 150 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ከበላ ወደ 70 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ያገኛል፤ ሽሮው ወፍራም፣ ምስሩና ክኩ የበዛ፣ ጎመኑ የማይጓደል፣ እንጀራውም በደንብ የቦካ ይሁን፤ መቡካቱ ካልሲየምንና ብረትን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋልና። የማይሆነው እህል ሳይበሉ መዋል ነው።

ደግሞ ሲጋራ። ከማዕዱ ሁሉ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ኒኮቲን ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ጢሱም በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይቀማል፤ አዲስ አጥንት ደግሞ ያለ ደም አይበቅልም። አጥንት ጨርሶ ሳይገጥም የመቅረቱ ነገር በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ከማያጨሱት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ነው። ሺሻም ያው ጢስ ነው። ጫት የምግብን ፍላጎትና እንቅልፍን ይወስዳል፤ መጠጥም አጥንት ሠሪዎቹን ሕዋሳት ያዳክማል፣ በክራንች የሚሄደውንም ሰው ዳግመኛ ይጥለዋል። ጠያቂ ወዳጆችም ለስላሳ መጠጥ በካርቶን ከምትሸከሙ እንቁላል፣ አይብ፣ በሶና ፍራፍሬ ብታመጡ ከሐኪም እኩል ሠራችሁ ማለት ነው።

ስለ ደምም አንድ ቃል። የጭን አጥንት ሲሰበር ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም ከቆዳ ሥር ሊፈስ ይችላል፤ ስለዚህ ቀይ ሥጋ፣ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ምስር ያስፈልጋል። ቡናና ሻይ ከማዕዱ ጋር ሲጠጡ የምግቡን ብረት ስለሚያግዱ፣ ከበሉ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይቆዩ።

መተኛትም ለብቻው ፈውስ አይደለም። አጥንት በሚሸከመው ሸክም ልክ እንደሚጠነክር የጀርመኑ ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ጽፎ አሳውቋል። የእግር ጣታችሁን ከመጀመሪያው ቀን አንቀሳቅሱ፣ የጭናችሁን ጡንቻ እያጠነከራችሁ ልቀቁ፣ በምን ያህል ክብደት መርገጥ እንደሚገባችሁ ሐኪማችሁን አስቈርጡ፤ ከፈቀደላችሁም በፍርሃት አትተኙ። ሕሙሙንም ወደ ፀሐይ አውጡት፤ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበት ቪታሚን ዲ በአብዛኛው በቆዳ ላይ በሚያርፍ ፀሐይ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ መጋረጃ በተዘጋበት ቤት የከረመ ሰው በፀሐያማ አገር እየኖረ ይጎድልበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለ። ጄሶ ይሁን ወጌሻ ያሰረው ቀርቀሃ፣ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቈሩ፣ ጣቱን ቀና ሲያደርጉት የማይቻል ሥቃይ ከተሰማ፣ ሌሊት ነው ሳትሉ ማሰሪያውን አስፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ደም ያጣ ጡንቻ ከ6 ሰዓት በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረው ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ መቍረጥ ነው።

በሕክምና ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼና ሆስፒታል የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ የምለምናችሁ አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ መሣሪያ አይደለም። በመሰናበቻው ወረቀት ላይ ሦስት መስመሮች ይታተሙ፤ የሕሙሙ የቀን ፕሮቲን በግራም ተሰልቶ፣ በእንቁላል ወይም በጥራጥሬ ተተርጕሞ፤ እስኪገጥም ድረስ ሲጋራ የተከለከለ መሆኑ፤ በየትኛው ቀን በምን ያህል ክብደት እንደሚረግጥ። ያንንም ወረቀት ለሚያስታምመው ሰው በቃል አንብባችሁ፣ መረዳቱን ጠይቃችሁ አሰናብቱት።