የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በማን ሣጥን ይደር?

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዐሥራ አምስት ኮምፒዩተሮች ያሉበት አንድ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። እርስዎም በዚያ ቤት በቅርቡ የተቀጠሩ ጀማሪ ሠራተኛ ነዎት እንበል። አንድ ጧት አለቃዎ ያስጠሩዎትና «ለዚህ ቤት የሚስማማ የኢሜልና የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ተፈልጎ በሳምንት ውስጥ ይቅረብልኝ» ብለው ያዝዙዎታል። ምን ያደርጋሉ? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለሚደርሰው ሰው ነው፤ ዛሬ ባይደርስዎ ነገ ሊደርስዎ ይችላልና።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደ ተነሣ ይመልከቱ። የወረቀት ደብዳቤ ሲመጣ መዝገብ ቤቱ ይቀበለዋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በፋይሉ ውስጥ ያኖረዋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሥራ ቢለቅ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ አይሄድም። የኢሜሉ ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ እንደዚህ አይደለም። አንዲት ጸሐፊ ከዓመታት በፊት በራሷ ስምና በራሷ ስልክ ቁጥር በነጻ ያወጣችው አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ሆኖ ይቀራል። እሷ የተዛወረች ዕለት የይለፍ ቃሉም አብሮ ይዛወራል። የጨረታ መልስ፣ የባለጉዳይ አቤቱታ፣ የሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ፣ ሁሉም ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ባለ ሣጥን ውስጥ ይዘጋበታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ስለ ጣለ፣ ነገሩ የምቾት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል።

ኢሜል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ በስልክ መስመር እየተደወለ ደብዳቤ ከውጭ አገር ጋር ይለዋወጡ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀማል፤ መስመሩ ሲገኝ ባንድ ጊዜ ይላካል። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የቀረበው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው። የመጠራቀምና የመጠበቅ ጠባይ ግን ከኢሜል እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ጥቅሙንም ወደ ታች እናያለን።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ኢሜል አንድ ነገር ይምሰል እንጂ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ተላላኪ ነው፤ ሁለተኛው ደብዳቤው የሚያድርበት ሣጥን ነው፤ ሦስተኛው እርስዎ ሣጥኑን ከፍተው የሚያነቡበት መስኮት ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በሚባለው ፕሮግራም ተላላኪውንና ሣጥኑን፣ አውትሉክ በሚባለው ደግሞ መስኮቱን አንድ ላይ አድርጎ ይሸጣል። ሥራው መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ለትንሽ ቤት ይከብዳል። ከዚህም በላይ የ2016ና የ2019 እ.ኤ.አ. ኤክስቼንጅ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ቀዳዳው የማይደፈን ፕሮግራም ደግሞ በሩ ክፍት እንደ ተተወ መጋዘን ነው።

በነጻ የሚገኙትስ? ለተላላኪነት ፖስትፊክስ፣ ለሣጥንነት ዳቭኮት፣ ለመስኮትነት ተንደርበርድ አሉ። ሶጎ የተባለው ደግሞ ከእነዚህ ጋር ተጣምሮ ቀጠሮንና የአድራሻ መዝገብን ይጨምራል። ኔክስትክላውድም የጋራ ቀን መቁጠሪያና የፋይል ማስቀመጫ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ሲሆኑ የሚግባቡት በጋራ ደንብ ስለሚናገሩ ነው፤ ለደብዳቤ አይማፕ፣ ለቀጠሮ ካልዳቭ ይባላል። ስለዚህ ሻጩን ሲጠይቁ «መልኩ ያምራል ወይ?» ከማለት በፊት «አይማፕና ካልዳቭ ይናገራል ወይ?» ይበሉ። የጋራውን ደንብ የማይናገር ፕሮግራም ሲገቡበት ሰፊ፣ ሲወጡበት ጠባብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሣጥኑ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በ2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ እዚሁ ከተማችን ካለው ከአፍሪካ ኅብረት ሰርቨሮች መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር ብሎ ጻፈ፤ ቻይናም ኅብረቱም አስተባበሉ። እውነቱ የትኛውም ቢሆን «ደብዳቤያችን የት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ መሆኑን ብዙ ሰው ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። እንደዚሁም በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ሣጥኑ ባሕር ማዶ የሆነበት ሠራተኛ ከአጠገቡ ክፍል ላለ ባልደረባው እንኳ ኢሜል መላክ አይችልም ነበር። ሰርቨሩ በገዛ ግቢው፣ በገዛ ኔትዎርኩ ያለ መሥሪያ ቤት ግን የውስጥ ደብዳቤው አይቆምበትም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ሰርቨርን በቤት ማኖር ላም እንደ ማሰር ነው፤ ወተቱ ያንተ ቢሆንም ድርቆሹም ያንተ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚደግፍ ባትሪ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ቀዳዳ የሚደፍን ሰው ይፈልጋል። መብራት ከሰዓት በኋላ ቢጠፋ የውጭ ደብዳቤ ጠፋ ብለው አይደንግጡ፤ ላኪው ሰርቨር እየደጋገመ እንዲሞክር፣ ተስፋ ከመቁረጡም በፊት ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን እንዲታገሥ ደንቡ ያዝዛል። የድሮው መጠራቀምና መጠበቅ ይኸው ነው። የሚንከባከብ ሰው ከሌለ ግን በመሥሪያ ቤቱ የራሱ ስም አድራሻ ተመዝግቦ፣ ሣጥኑን አገልግሎቱን በሚሸጥ ድርጅት ዘንድ ማኖር ይሻላል። ስሙ የመሥሪያ ቤቱ እስከ ሆነ ድረስ ነገ ድርጅቱን ቢለውጡ አድራሻው አይለወጥም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደማያስበው፣ እኛን ግን ከማንም ይልቅ ወደሚያስቸግረን ነገር እንምጣ፤ ይኸውም ቀን መቁጠሪያው ነው። የወር ሪፖርትዎ በየወሩ በ30 ይደርሳል እንበል። መስከረም 30 በተለመደው ዓመት ኦክቶበር 10 ነውና ፕሮግራሙን «በየወሩ በ10 አስታውሰኝ» ይሉታል። ጥቅምት 30 ግን ኖቬምበር 9 ነው፤ ታኅሣሥ 30 ጃንዋሪ 8 ነው፤ ጥር 30 ፌብሩዋሪ 7 ነው። ፕሮግራሙ በታማኝነት ፌብሩዋሪ 10 ሲያስታውስዎ እርስዎ የካቲት 3 ላይ ነዎት፤ ሪፖርቱም ሦስት ቀን ዘግይቷል። ጥምቀትም እንዲሁ ነው። «በየዓመቱ ጃንዋሪ 19» ብሎ የመዘገበ ሰው፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በመጣው በ2016 ዓ.ም. ጥር 11 ቀን ጃንዋሪ 20 ላይ ስለ ዋለ ባንድ ቀን ይሳሳታል። ሰዓቱ ደግሞ አለ፤ እርስዎ «በ3 ሰዓት ስብሰባ» ሲሉ ማሽኑ 9 ሰዓት ካልተባለ አይገባውም።

ለዚህ መድኃኒት አልታጣም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 7529 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ፣ ተደጋጋሚ ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ 13ኛው ወር ድረስ እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን ይህን ደንብ ገና አልተቀበሉትም። እስኪቀበሉት ድረስ የተሻለው ዘዴ «ይደጋገም» የሚለውን ትቶ፣ ሐምሌ 1 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲጀመር የዓመቱን ቀኖች አንድ በአንድ አስልቶ፣ ሁሉም ሠራተኛ በሚያየው በአንድ የጋራ ቀን መቁጠሪያ ላይ ማስገባት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ የዓመቱን ስሕተት ያድናል።

«ይህን ሁሉ የሞከረው ማን ነው?» ቢሉን፤ በጀርመን አገር ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው ክፍለ ግዛት ኤክስቼንጅንና አውትሉክን ትቶ ወደ ኦፕን ኤክስቼንጅና ወደ ተንደርበርድ መዞሩን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ፈጽሟል። ከ40,000 የሚበልጡ ሣጥኖች፣ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ደብዳቤዎችና ቀጠሮዎች በስድስት ወራት ውስጥ ተዛውረዋል፤ የሠራተኞች ማጉረምረም ግን አልቀረም። በዚያው አገር የሙኒክ ከተማ ደግሞ ለብዙ ዓመት በነጻ ፕሮግራሞች ከሠራች በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንድትመለስ ወስኗል። ከሁለቱ የምንማረው ፕሮግራሙን መለወጥ የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑን ነው፤ ሌላው እኩሌታ ሰውን ማስለመድ ነው።

እንግዲህ ሳምንቱ አልቆ ወደ አለቃዎ ሲገቡ በአንድ ገጽ ይህን ይዘው ይግቡ። አንደኛ፤ አድራሻው በመሥሪያ ቤቱ ስም ይሁን፤ የዋናው ቁልፍ የይለፍ ቃልም ታሽጎ ኃላፊው ዘንድ ይቀመጥ። ሁለተኛ፤ ሦስት ሠራተኞች ለአንድ ወር ይሞክሩት፤ በአማርኛ ርእስና በአማርኛ የፋይል ስም ደብዳቤ ይላላኩ፤ ፊደሉ በጥያቄ ምልክት ተለውጦ ከደረሰ ፕሮግራሙ ይቅር። ሦስተኛ፤ መጠባበቂያው ቅጂ ተመልሶ ሲከፈት በዓይን ይታይ፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራልና። አራተኛ፤ የድሮው ሣጥን ቢያንስ እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ አይዘጋ።

አለቃዎ «ያሁኑም እየሠራ አይደለም ወይ?» ቢሉዎ አይከራከሩ። «የሣጥናችን ቁልፍ ዛሬ በማን እጅ ነው?» ብለው ብቻ በትሕትና ይጠይቁ። መልሱ ወዲያው ከተገኘ ጊዜ አለዎት፤ ሁለት ሦስት ሰው ተጠርቶ ሁሉም ዝም ካለ ግን ሥራውን በማግሥቱ ይጀምሩ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።